የማድመጫው ክፍል

ፍርድ ቤቱ ለልጆች አዲስ ክፍል ከፍቷል ሲባል በከተማው ውስጥ ልጅ ይዞ የተፋታ ሁሉ እፎይ አለ። ከዚያ በፊት ልጅ የሚጠየቀው ችሎት መሃል ቆሞ ነበር፤ እናት በአንድ በኩል፣ አባት በሌላ በኩል፣ ጠበቆቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። "ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?" ይባላል። ወደ አንዱ ቢያይ የሌላው ፊት ይጠቁራል፤ ስለዚህ ጫማውን ያያል። ጸሐፊውም "ልጁ አልቅሷል" ብሎ ይመዘግባል። አሁን ግን ካይሮ ድረስ ሄደው የሠለጠኑ ሰዎች መጥተዋል። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቷል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የጨርቅ ዝሆን ተገዝቷል። ዳኛው ከመስታወት ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ እንጂ ልጁ አያያቸውም። እናት አይገባም፣ አባት አይገባም፣ ጠበቃ አይገባም። ልጁ ማንንም ሳይፈራ የልቡን ይናገራል ተባለ። ይህን ሰምቶ አልሃምዱሊላህ ያላለ የለም፤ ኢናስ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ያለች ይመስለኛል።

ምን አስፈርቷት! የልጇን የሩቀያን ልብ ታውቀዋለች። ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ነበር ከአባቷ ከሜድሐት ጋር የተለያዩት። ኢናስ ልጇን አቅፋ ወደ እናቷ ወደ ሐጃ ሰኒያ ቤት ተመለሰች፤ ሱሪ የሚሰፋበት ፋብሪካ ገብታ ከጠዋት እስከ ማታ ኪስ ስትገጥም ትውላለች። ሜድሐት ወንዙን ተሻግሮ እናቱ ቤት ሌላ አገባ። ለረጅም ጊዜ ልጅ አለችኝም አላለም። አንድ ቀን ግን የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሩቀያን ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየቻት፤ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ከሜድሐት እናት ጆሮ ደረሰ። የልጅ ልጄ በየደረጃው ተጥላ አታድግም ብለው ተነሱ ሴትዮዋ። ሜድሐትም የኢናስ የማሳደግ መብት ይነሳ ብሎ ከሰሰ።

ኢናስ ጠበቃ አድርጋ የያዘችው ኡስታዝ ረኡፍን ነው። በሽምግልና ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ደግ፣ ትንሽ ቸኩለው የሚሰሙ ሰው ናቸው። ልጅቷን ቀን ቀን ማን ይጠብቃታል ሲሏት እናቴ አለችኝ አለች፤ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ እናቷ አሁን አሁን እንደምትረሳ ነገረቻቸው። እሳቸው ሳቁ። በዚህ ዕድሜ የማይረሳ ማን አለ፣ እኔ ራሴ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልገው ነው የምውለው አሉ። በመልሱ ጽሑፍ ላይም ልጅቷ "ሙሉ ጤና ባላት በእናት አያቷ እንክብካቤ ሥር ናት" ብለው አስቀመጡት። ኢናስ አነበበችው። እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን ይታረም አላለችም። ምን ትበል? ሐጃ ሰኒያ ደህና በሆነችበት ቀን ሩዝ ትቀቅላለች፣ ሩቀያን ታቅፋ ታስተኛታለች። ደህና ባልሆነችበት ቀን ደግሞ ልጅቷን የሰው ልጅ ናት፣ ሌባ ናት ብላ ከቤት አስወጥታ በሩን ትቆልፍባታለች። ኢናስ መቀርቀሪያውን በመዶሻ ነቅላ ጥላዋለች። ከዚያ በኋላ ልጄ ደህና ናት ብላ ራሷን አሳመነች፤ ወንድሟ ያለው ኩዌት ነው፣ ፋብሪካው ልጅ ይዘሽ ግቢ አይላት፣ ሌላ ምን መላ ነበራት።

ኡስታዝ ረኡፍ አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀዋታል። ልጅቷን እንዳታስጠኚያት፤ እነዚህ አዲሶቹ ባለሙያዎች የተጠና ቃል ከሩቅ ይሸታቸዋል፣ ያኔ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል ብለዋታል። ኢናስ ቃላቸውን አከበረች። ወደ ክፍሉ በሚሄዱበት ጠዋት ፀጉሯን እየጎነጎነችላት ልጅቷ ቀና ብላ ጠየቀቻት።

"ኑሳ፣ ሚሷ ትቆጣለች?"

"አትቆጣም የኔ ቆንጆ። የጠየቀችሽን ሁሉ እውነቱን ትነግሪያታለሽ። ምንም አትደብቂ፣ እሺ?"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሩቀያም ለሚሷ ሁሉንም ነገረቻት። ኢናስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሜድሐትና እናቱ ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ ሆነው ሲጠባበቁ፣ በሩ ተከፍቶ ሩቀያ የጨርቁን ዝሆን አንገት ይዛ እየሳቀች ወጣች። ከኋላዋ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዶክተር ማግዳ ብቅ አለች፤ ወጣት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ልጅ ስታናግር ምንጣፍ ላይ እኩል ተቀምጣ ነው። ለኢናስም ለሜድሐትም እኩል ፈገግ አለች፤ ይህም የተማረችው ነው። ኢናስና ሩቀያ ወደ ቤት ሲመለሱ ከጋሪ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ገዝተው በጋዜጣ ይዘው እየበሉ፣ ጣታቸውን እያቃጠላቸው እየሳቁ በወንዙ ዳር ሄዱ። ምን ተባባላችሁ ብላ አልጠየቀቻትም። ጠበቃው አትጠይቂ ብለዋታልና። እንደዚያ ቀን ከሰዓት ደስ ብሏት የምታውቅ አይመስለኝም።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ኢናስንና ሜድሐትን ከነጠበቆቻቸው በቢሯቸው ውስጥ አስቀመጧቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ይህንን ክፍል ለማስከፈት ከበላዮቻቸው ጋር ሲከራከሩ የከረሙ እሳቸው ናቸው። የልጅ ቃል እንዳይሸራረፍ ብለው ባለሙያዋ የሰማችውን እንዳለ፣ በልጅቷ በራሷ አነጋገር አነበቡት።

"ማማ በሩን ትዘጋብኛለች። ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ።" ዳኛው ገጹን ገለጡ። "ማማ አንዳንዴ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ሌባ ትለኛለች። ዳቦ ስወስድ እጄን መታችኝ። ቴታ የምትኖረው ባባ ጋ ነው። እኔ ደስ የሚለኝ ኑሳ ጋ ነው። ኑሳ ማታ ትመጣና ታጥበኛለች፣ ፀጉሬን ትሠራልኛለች። ከኑሳ ጋር መኖር ነው የምፈልገው።"

ከሥሩ ዶክተር ማግዳ የራሷን አስተያየት ጨምራለች። ልጅቷ እናቷን በግልጽ ትፈራለች ትላለች። አጥብቃ የምትወዳት ግን በዚያው ቤት የምትኖር፣ አክስቷ ሳትሆን የማትቀር ኑሳ የምትባል ሴት ናት።

ኢናስ መጀመሪያ አልገባትም። የሌላ ሰው መዝገብ የተነበበ መሰላት። ከዚያ ገባት። በዚያ ቤት ማማ ሐጃ ሰኒያ ናት። ኢናስ እናቷን ማማ ትላለች፣ ወንድሟ ከኩዌት ሲደውል ማማን አገናኙኝ ይላል፣ ጎረቤቱ ሁሉ የኢናስ ማማ ይላታል፤ ሩቀያም አፏን ስትፈታ ሰው ሁሉ ያላትን አለች። እናቷን ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሚጠራት ኑሳ አለቻት። በእኛ ሰፈር የግማሹ ቤት ልጅ እንዲህ ነው፤ አያቱን ማማ፣ የወለደችውን በስሟ። የአባቱን እናት ብቻ ነው ቴታ የሚለው። ማንም ግር ብሎት አያውቅም። ሚሷ አያትሽስ ብላ በጠየቀቻት ጊዜ ልጅቷ እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ቴታ ያለችው ባባ ጋ ነው። ዶክተር ማግዳም እንደተማረችው የልጅን ቃል አላረመችም፣ ሌላ ቃል አላጎረሰቻትም፣ ማማ ስትላት ማማ ብላ ቀጠለች። ከመስታወቱ ጀርባም ከፊቱም "ኧረ ማማኮ አያቷ ናት" የሚል አንድ የቤት ሰው አልነበረም። ክፍሉ የተሠራው ያ ሰው እንዳይኖር ነውና።

"ኑሳ እኔ ነኝ" አለች ኢናስ። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። "ክቡር ዳኛ፣ ኑሳ እኔ ነኝ። ማማ የምትላት እናቴን ነው።"

ዳኛው መታወቂያዋን አዩ፣ ኢናስ ይላል። ወደ ሜድሐት ዞረው እርስዎ ስለዚህ ስም የሚያውቁት አለ ብለው ጠየቁት። ሜድሐት ጣሪያውን አየ። እነሱ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚባል እኔ በምን አውቃለሁ አለ። ኑሳ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ገና ሳይጋቡ፣ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ኢናስ ለምላስ ይከብዳል ብሎ ያወጣላት እሱ ራሱ ነው። ኢናስ ዓይኑን ፈለገችው፤ አልሰጣትም።

የሜድሐት ጠበቃ ግን ስሙን አልተከራከረችም። ቀጭን፣ ንግግሯ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ሴት ናት። ቀስ ብላ ተነሳች።

"እንመናት ክቡር ዳኛ። ማማ አያትየው ናት እንበል። ታዲያ በሩን የምትዘጋው፣ የምትመታው፣ ልጅቷን የማታውቃት፣ እነሱ 'ሙሉ ጤና ያላት' ብለው የጻፉልን አያት ናት ማለት ነው? ልጅቷን ለሷ ጥላ የምትሄደውስ ማን ናት?"

ኢናስ ያን ጊዜ የገባችበት ጉድጓድ መውጫ እንደሌለው አየችው። ማማ እኔ ነኝ ካለች ልጇን ደብዳቢ ናት፤ ማማ እናቴ ናት ካለች ልጇን ለታመመ ሰው ጥላ፣ በዚያ ላይ ፍርድ ቤት ዋሽታለች። እንደምንም ተናገረች። እናቷ መታመሟን፣ መቀርቀሪያውን መንቀሏን፣ ሥራዋን፣ ሌላ ሰው እንደሌላት። ጎረቤቶቿ መጥተው ኑሳ እሷ መሆኗን ይመስክሩ ብላ ለመነች። ዳኛው ረጋ ብለው ሰሟት፤ ከዚያ እንዲህ አሉ።

"እመቤቴ፣ በጎረቤት ወሬ የልጅን ዕጣ መወሰን ይቅር ብለን አይደል ይህንን ሁሉ የደከምነው? ልጅቷ ራሷ ትናገር። ድጋሚ እንሰማታለን።"

ዶክተር ማግዳ አልወደደችውም። አንድን ልጅ ሁለቴ መጠየቅ ልጁን ተሳስቻለሁ ያሰኘዋል፣ አንዴ በደንብ መስማት ነው ደንቡ አለች። እውነቷን ነው። ግን የተሳሳተች መሆኗን መጠርጠር ጀምራ ነበርና፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተስማማች። እስከዚያው ዳኛው ልጅቷን ያ በር ወዳለበት ቤት አልመልስም አሉ። ከእናት ቀጥሎ ሕጉ የሚጠራት የእናት እናት ናት፤ እሷ ደግሞ ያለችበት ሁኔታ ይኸው ነው። ስለዚህ ለጊዜው ከአባቷ እናት ጋር ትሁን ተባለ።

ሩቀያን የወሰዷት በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ነው። ኢናስ ሮጣ ስትደርስ ልጅቷ መኪና ውስጥ ሆና በመስታወቱ ታያታለች፤ አታለቅስም፣ ግራ ገብቷታል። ማታ ለሜድሐት ደወለችለት፤ ምን ብላችሁ ነገራችኋት ብላ ለመነችው። እሱም ደከም ባለ ድምፅ መለሰላት።

"እናቴ ምንም ክፉ አላለቻትም። እኔ ላይ አትጩሂ። 'ጎበዝ የኔ ልጅ፣ አንቺው ራስሽ ለሚሷ ተናግረሽ እኮ ነው እኛ ጋ የመጣሽው' ነው ያለቻት። ባስቡሳ ኬክ ሁሉ ጋግራላታለች።"

ኢናስ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ለማቁሰል ብለው አይደለም፤ ልጅቷን ማሞገሳቸው ነው። ሩቀያ ግን ሞኝ አይደለችም። እውነቱን ሁሉ ተናገሪ ተባለች፣ ተናገረች፣ ከኑሳ ነጥለው ወሰዷት። ከዚህ በኋላ ለመረዳት የቀራት ነገር የለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሩቀያ ቢጫው ክፍል ገባች፤ አልተናገረችም። ዶክተር ማግዳ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ምንጣፉ ላይ አብራት ተቀመጠች፣ ዝሆኑን ሰጠቻት፣ የቤት ሰዎችሽን ሥዪልኝ ብላ ቀለም ዘረጋችላት። ልጅቷ ቀለሞቹን አንድ ባንድ ወደ ሳጥናቸው መለሰች። ማማ ማን ናት ተባለች፣ ዝም። ኑሳስ ማን ናት ተባለች፣ ዝም። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየች "ቤት ልሂድ?" ብቻ አለች፤ የትኛው ቤት ስትባል ይህንንም ባልተናገርኩ የምትል መሰለች።

ዶክተር ማግዳ ኮሪደሩ ላይ መጥታ ኢናስ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ይህ ደግሞ በሥልጠናው የለም። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ" አለቻት። ኢናስ ምን ልታደርግላት ትችላለች? ይቅርታ ሰጠቻት፤ ሁለቱም ምንም አልተጠቀሙበትም። ዳኛው በፊታቸው ያለው የልጅቷ የመጀመሪያ ቃል ብቻ ነበር፤ በሱም ላይ ተመሥርተው የማሳደግ መብቱን ለአባት እናት ሰጡ። እናት በየዓርብ በወጣቶች ማዕከል ግቢ፣ ሠራተኛ ባለበት፣ ልጇን ታያለች።

ቤት ስትገባ ሐጃ ሰኒያ ደህና ቀኗ ነበር። ሩዙን ቀቅላ፣ ሦስት ሳህን አቅርባ ትጠብቃለች።

"ሩቀያ የታለች? ምሳዋ ቀዘቀዘ እኮ።"

ኢናስ በዚያች ቅጽበት እናቷን ጠላቻት። ይህን ከማንም አልደበቀችም፣ ከራሷም። ጩሂ ጩሂ አላት፤ አንቺ ነሽ ያስወሰድሽብኝ በያት አላት። ከዚያ እናቷ በሩቀያ ሳህን ላይ ሩዝ ስትጨምር አየች። ትምህርት ቤት ናት ማማ አለችና ተቀመጠች።

ኡስታዝ ረኡፍ ጥፋታቸው ቆጥቁጧቸዋል፤ ይግባኙን በነጻ እይዝልሻለሁ አሉ። በአያትየው ነገር የዋሸሁት እኔ ራሴ ነኝ ብዬ ለዳኞቹ አምናለሁ፣ አንቺ ደግሞ ልጅቷ ስትመለስ ቀን ቀን አብረሻት እንድትውዪ ፈረቃሽን ቀይሪ አሏት። ቀየረች። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ያቺው ወሬውን ያወጣችው፣ አልቅሳ ሐጃ ሰኒያንም ልጅቷንም ማታ ማታ እኔ እይዝልሻለሁ አለቻት። ሁሉም ተሰናዳ። የይግባኙ ዳኞች ግን ያንን ክፍል ከሥር ፍርድ ቤቱ ይበልጥ የሚያምኑት ናቸው፤ ልጅቷ ካልተናገረች የተነገረው ይጸናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች አሉ ጠበቃው፤ ኑሳ እናቴ ናት ትበል። ማስጠናት አይቻልም ያሉት ቀርቶ አሁን እሳቸው ራሳቸው ንገሪያት አሏት፤ እባክሽ ንገሪያት።

ዓርብ ኢናስ ከሁሉም ቀድማ ማዕከሉ ደረሰች። ሩዝ በወተት ይዛለች፣ ልጅቷ የምትወደውን። ግቢው ውስጥ ጎረምሶች ኳስ ይራገጣሉ፤ በጥላው ሥር እንደሷው ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ አባቶች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው በሩን ያያሉ። ሠራተኛው ጠረጴዛው ላይ ሻዩን እየጠጣ የመጣውን ያስፈርማል። ቴታ ሩቀያን አምጥተው፣ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ ጨዋ ሴት ናቸው።

ኢናስ አቀፈቻት፣ ሸተተቻት፣ ሳሙናው የሌላ ቤት ነው። ልጅቷ ሩዙን በማንኪያ በላች። ትምህርት እንዴት ነው ስትላት ራሷን ነቀነቀች። ቴታ ጋ ምን ትበያለሽ ስትላት ትከሻዋን ሰበቀች። ጓደኛ አገኘሽ፣ ጥርስሽ ወለቀ፣ ማታ ማን ፀጉርሽን ይሠራል፤ ለሁሉም ወይ ራሷን ታነቃንቃለች ወይ ማንኪያውን ታያለች። ይህች ልጅ ድሮ አፏ ሳይከደን ነበር የምታድረው። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ኢናስ ቀረብ አለቻትና እጇን ያዘች።

"ሩቀያ፣ ስሚኝ የኔ ዓለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሚሷ ነች ያልገባት። እንደገና ትጠይቅሻለች፣ ያኔ አንድ ነገር ብቻ..."

ልጅቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። ወደ ሠራተኛው አየች፣ ጀርባቸውን ወደሰጡት ቴታ አየች፣ ወንበር ላይ ወደተደረደሩት አባቶች አየች። ከዚያ በወተት የራሰች ትንሽ መዳፏን አንስታ የእናቷን አፍ ያዘች።

"ኑሳ፣ ዝም በይ" አለቻት በሹክሹክታ። "ከሰሙን ዓርብንም ይወስዱብኛል።"

ኢናስ መዳፉ ውስጥ ዝም አለች። ሠራተኛው ጊዜው አልቋል ብሎ እስኪነሳ ድረስ ሁለቱም አልተናገሩም።